የተቆረጠው ኅዳግ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተለውጧል። ዓይኔ አላታለለኝም፣ ተለውጧል።

የጽሕፈት መምህሬ፣ ኡስታዱ፣ ከሰዓት በኋላ የማሂን ኻኑምን ገጽ መልሶ አመጣ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታውን አንስቼበታለሁ። ነገሩ ከጠራ እመልስለታለሁ።

በቅደም ተከተል ላስፍረው፤ ተናዶ የጻፈ ሰው ይዘባርቃል። ማሂን ኻኑም ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ኢራናዊት ናቸው፤ «ኻኑም» በነሱ ወይዘሮ ማለት ነው። ዓይናቸው ዛሬ ከብርሃን በቀር አይለይም። እኔ እዚህ ስዊድን፣ ዩልስታ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤቴ ናቸው። የምንግባባው በስዊድንኛ ነው፤ የሳቸውም የኔም የተሰባበረ ስለሆነ አንዳችን ሌላዋን አናርምም። በስዊድንኛ ትልቁም ትንሹም «ዱ»፣ አንተ ወይም አንቺ፣ ነው። እዚህ ግን እንዳደግሁበት ሥርዓት እጽፋለሁ።

ከአገራቸው ሲወጡ ካዳኑት ዕቃ ዛሬ የቀረው ከአባታቸው መጽሐፍ የተረፈ አንድ ገጽ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ በእጅ የተሳለ፣ የብዙ ዘመን ዕድሜ ያለው። አንድ ልዑል ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፈረሱ አንገቱን ወደ ወንዙ ዘንበል አድርጓል። ወንዙ ጥቁር ነው። ሠዓሊው በብር ነበር የሠራው፣ ብሩ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ ነው። ከሥዕሉ በላይና በታች የግጥም ስንኞች አሉ፣ ፋርሶች ነስታሊቅ በሚሉት፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቁልቁል በሚንሸራተተው ጽሕፈት። በኅዳጉ ላይ፣ ማለት ዙሪያውን ባዶ በነበረው ወረቀት ላይ፣ የማሂን ኻኑም አባት ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር ስሙንና የተወለደበትን ሌሊት ጽፈውበታል። የመጨረሻዋ ማሂን ናቸው። ከእሳቸው በፊት የተጻፉት ሁሉ ዛሬ በሕይወት የሉም።

እኔ ቋንቋውን ባላውቅም ፊደሉን አነባለሁ። ደሴ፣ አጎቴ ቁርአን ቤት፣ በአለንጋ የገባ ፊደል አይወጣም። ስለዚህ ማሂን ኻኑም ገጹን ጉልበታቸው ላይ ያደርጉና «ኅዳጉን አንብቢልኝ» ይሉኛል። እኔ ሳይገባኝ እጠራለሁ፣ እሳቸው ገብቷቸው ያዳምጣሉ።

ጠርዙ እየተፈረፈረ አስቸገረ። ለኡስታዱ ስጡት ያልኩ እኔ ነኝ። ሰውዬውን ቤታቸው ድረስ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደርማልም ሰፈር የፋርስ ጽሕፈት ያስተምረናል፣ አሮጌ ወረቀትም ይጠግናል፤ ጨዋ ሰው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ያመጣው ገጽ ኅዳጉ ሌላ ነው። የሻይ መልክ ያለው፣ የወርቅ ብናኝ የተነሰነሰበት፣ ንጹሕ። የአባትየው ጽሕፈት የለም። አንድ ነጥብ እንኳ የለም። ሰውዬው ግን ስኳሩን በጥርሱ ይዞ ሻዩን ተረጋግቶ ጠጣ። ማሂን ኻኑም ዳር ዳሩን በጣታቸው ዳሰሱና «እጅህ ይባረክ» አሉት። ማየት የማይችሉ ሴት ፊት ቆሞ፣ የአባትዎ እጅ ጠፍቷል ብሎ የሚናገር ማን ነው?

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ «አንብቢልኝ» አላሉኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

እንቅልፍ የለም። ያየሁትን ለይቼ ልጻፈው።

ያው የሆነው፦ ልዑሉ፣ ዛፉ፣ ፈረሱ፣ ስንኞቹ። ወንዙም ጥቁር ነው። ግን ብልጥ አስመሳይ ወንዙን አጥቁሮ መሳል አያቅተውም።

ያልሆነው፦ ኅዳጉ። የወረቀቱ ሽታ፤ የድሮው የምስጥ ቤት ይሸት ነበር፣ ይህ ሙጫ ይሸታል። ክብደቱም። በእጄ ስይዘው ከበደኝ።

የማላውቀው፦ የቀረው ሁሉ።

ችግሩ ጊዜ የለኝም። የማሂን ኻኑም ልጅ ካምራን ማክሰኞ ከማልሞ ይመጣል፤ ገጹን ወስዶ ጨረታ ቤት ሊያሳይ ነው። እሳቸው በጥር አረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ፣ ልጁም እዚያ እንዲህ ያለ ነገር ከግድግዳ ላይ ይጠፋል ይላል። አስመስሎ የተሠራ ነገር ይዞ ከሄደ ጨረታ ቤት ያሉት ሰዎች ይስቁበታል። እናትየውም ዕድሜ ልክ የጠበቁት ነገር በጓደኛቸው አማላጅነት መሰረቁን ይሰማሉ። በእኔ አማላጅነት።

ለልጄ ለሰዓዳ ደወልኩ። አልቢ ነው የምትኖረው፤ ሄምሸንስት ውስጥ፣ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ በሚረዱበት ሥራ ላይ ናት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ልማዳችን ነው። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችና፣ ማማ፣ የትቬትስቱጋውን ካልሲ ታስታውሺያለሽ ወይ አለችኝ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ማለቷ ነው። አዎ፣ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ሰውዬ ካልሲዬን ወሰደ ብዬ ጠርጥሬው ነበር። አዎ፣ ካልሲው በማሽኑ በር ጎማ ውስጥ ተወሽቆ ተገኘ። እና ምን ይሁን? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ መለስኩላት። ይህን እንኳ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«የጠረጠረም ጎረቤት አጣ፣ ማማ።»

ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እንዲህ የሚል ተረት የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

እንዳልቀር አሰብኩ፣ ግን የቀረ ሰው ምንም አያይም። በሰማያዊው የቱነልባና መስመር፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ተሳፍሬ፣ መሐል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ ተሻግሬ ሄድኩ። የምንማረው የአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ የሰው ጫማ ብቻ ነው የሚታየው።

እሱ እንደ ወትሮው ነበር። ብርዓችንን አየ፣ የኔን የመቃ ብርዕ ጫፉን እንደገና ቀረጸው፣ በጥፍሩ ላይ ሞከረው። ከዚያ አንድ ቃል ሰጠንና ወረቀቱ ጠቁሮ ቦታ እስኪያጣ ድረስ በላዩ ላይ እየደጋገምን ጻፍን። የፋርሶች ትምህርት እንዲህ ነው። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ሰሌዳዬን አጥቤ አጥቤ እጽፍ ከነበረው ብዙ አይርቅም። በቀይ ቀለም አረመኝ።

«ዘህራ ኻኑም፣ ይህ ፊደል አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተገትሯል። ያስቀምጡት።»

አጠገቤ ያለችው ጡረተኛ ስዊድናዊት የጥርስ ሐኪም ሳቀች። የሷ ፊደል ተኝቶ እያንኮራፋ መሆኑን አልነገራትም።

ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁ። አንድ የጥንት ጸሐፊ ገጽ በመስታወት ሥር አለ፤ አጠገቡ እሱ የገለበጠው። መስመር በመስመር ያው ነው። ከታች በግራ ጥግ የጥንቱን ጸሐፊ ስም ሳይቀር ጽፎታል። በሞተ ሰው ስም ፈርሟል! አላስቻለኝም፣ በክፍሉ ፊት ጠየቅሁት። አላፈረም፣ አልደነገጠም። በእነሱ ሙያ ተማሪ የመምህሩን ሥራ ሲገለብጥ ከነስሙ ነው አለ፤ የራሱን ስም መምህሩ ፈቃድ እስኪሰጠው አይጽፍም። ሥራውን ወስዶ ስሙን ማስቀረት ነው ሌብነቱ አለ። በእኔ ትምህርት ቤት የሰው ስም የጻፈ ይገረፍ ነበር። የቱ ልክ እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።

ያወቅሁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ከፈለገ ማንኛውንም ገጽ መሥራት ይችላል።

ሁሉም ሲወጡ ቆየሁና ስለ ማሂን ኻኑም ገጽ በቀጥታ ጠየቅሁት። እንደ ልጅ አስረዳኝ። ጠርዙ የበሰበሰ ገጽ ሲሆን ሥዕሉና ጽሑፉ ከአሮጌው ኅዳግ ተቆርጦ ይወጣል፣ በአዲስ ወረቀት መካከል ይቀመጣል፤ መጋጠሚያው በወርቅ መስመር ይሸፈናል። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ኅዳግ ልብስ ነው፣ ሲያልቅ ይቀየራል አለኝ።

«የወለቀው ልብስ የት ደረሰ?» አልኩት።

ቢላውን በጨርቅ ጠረገ፣ ወደ ሰገባው መለሰ።

«አደራ ነው። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።»

አደራ። ሌባ ሁሉ የሚሸሸግባት ቃል።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ውኃ የተቀላቀለበት በረዶ ሲወርድ ዋለ። የምስር ሾርባ ይዤ ወደ ማሂን ኻኑም ወጣሁ። በሉ፣ ትንሽ ቆይተው ወንበራቸው ላይ አሸለቡ። እኔ ገጹን ከካርቶኑ አውጥቼ መስኮቱ ሥር ወሰድኩት፣ የማጉያ መነጽሬንም አወጣሁ። የጓደኛዬን ቤት እንደ ጉምሩክ መፈተሼ አላስደሰተኝም። ግን ፈተሽኩ።

በልዑሉ ቀሚስ ጫፍ ላይ የነበረው ጭረት አለ። ከፈረሱ ጆሮ አጠገብ ብል የበሳት ቀዳዳ አለች፤ ገልብጬ አየሁ፣ በጀርባ በኩል ባለው ጽሑፍ መሐል ትወጣለች። ወደ ብርሃኑ ሳነሣው ዙሪያዋ በዕድሜ የተቦረቦረ ነው። ይህን ማንም አይሠራውም፤ ቢሠራም ለዚህ ሲል አይደክምም። ሥዕሉ የራሳቸው ነው። ጽሑፉም የራሳቸው ነው።

ስለ ኅዳግ መቀየር የነገረኝ እውነት ነበር ማለት ነው። መጋጠሚያውን በማጉያ አየሁት፣ እንዳለውም ቀጭን የወርቅ መስመር ሸፍኖታል። ደረቴ ትንሽ ቀለል አለ። ግን ማሂን ኻኑም ለልዑሉ ብለው አልነበረም ገጹን ጉልበታቸው ላይ የሚያደርጉት። ስርቆቱ አነሰ እንጂ አልቀረም።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ ከወንበራቸው። ለካ ነቅተዋል።

አቧራ እየጠረግሁ ነው አልኩ።

«ካገኘሽ ለእኔም አሳዪኝ» ብለው ሳቁ።

ዛሬም አንብቢልኝ አላሉም። ከልጃቸው ጋር ስለሚበሉት ነገር ብቻ ነው ያወሩኝ። አንገታቸው ላይ አንዲት የጨርቅ ከረጢት በገመድ ተንጠልጥላለች፤ በፊት አላየኋትም። ወሎ ሕመምተኛ የሚያስረው ክታብ ትመስላለች። አሟቸው እየደበቁኝ ይሆን? እንግዲህ ይህም አንድ ጥርጣሬ ተጨመረ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አንድ ነገር አሰብኩ። የተጻፈበት ወረቀት አይጣልም። አጎቴ ቁርአን ቤት ያረጀ ወረቀት በጨርቅ ከረጢት ይጠራቀምና መስጊዱ አጠገብ ይቀበር ነበር፤ የአላህ ስም ይኖርበታልና እግር አይረግጠውም። ኡስታዱም ሙያውን የሚያከብር ከሆነ የአባትየውን ጽሕፈት ቆሻሻ ውስጥ አይጨምረውም።

ስልክ ደወልኩለት። እውነት ነው፣ እሱም ያጠራቅማል። በረዶው ሲቀልጥ ወደ ወራጅ ውኃ ይለቀዋል። እሺ፣ ከረጢቱን ልይ አልኩት። ይምጡና ይዩ፣ ግን የአባትየው ጽሕፈት እዚያ ውስጥ የለም አለኝ። ታዲያ የት ነው? አደራ ነው አለ። ለጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ሰጥተኸዋል ወይ? አደራ ነው። ነገ ልጃቸው ይመጣል፣ በሱ ፊት እናገራለሁ አልኩት። ሌባ ከሆነ ይሄኔ ይንተባተባል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይናገሩ» አለ። «እኔ ግን ቃሌን አላፈርስም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ያናደደኝ ድምፁ አለመንቀጥቀጡ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለማሂን ኻኑም ለራሳቸው ልነግራቸው ወጣሁ። በልቤ በስዊድንኛ አዘጋጅቼው ነበር። በሩን ሲከፍቱልኝ ፀጉራቸውን ሂና ተቀብተው በፌስታል ጠቅልለዋል፣ ለካምራን ብለው ነው። ቀለሙ ጆሮዬን ነክቶ እንደሆነ እዪልኝ አሉ። ጆሯቸውን ጠረግሁላቸውና ወረድኩ።

ፈሪ ነሽ፣ ዘህራ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መስመሩ ቢጣመም ዛሬ አላርመውም።

ካምራን ጠዋት ደረሰ። ረጅም፣ ለስላሳ፣ የሚያምር ካፖርት ያለው ሰው ነው። እኔን «ታንት ዘህራ» ይለኛል፣ አክስቴ እንደማለት። እናቱን አቀፈ፣ የሠሩለትን ሩዝ በላ፣ ከዚያ ገጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አየ። አዲሱን ኅዳግ አደነቀ። ማሂን ኻኑም ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል። እኔ ያን ፈገግታ ማየት አቃተኝ።

ተናገርኩ። የአያትህ ጽሕፈት ተቆርጧል፣ ጠጋኙ የት እንዳደረሰው አልናገርም ይላል፣ ጠይቀው አልኩ።

ቀና አለ። የምን ጽሕፈት ብሎ ጠየቀ፤ ልጆች ሲወለዱ የተጻፈ አልኩ። ፊቱ በራ። ጨረታ ቤቱ ገጹ ከቤተሰቡ ጋር የኖረ መሆኑን የሚያሳይ ማንኛውም ነገር ካለ አምጣ ብሎት ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል አለ። የእንጨት መያዣውን ከመኪና አምጥቶ ሲመለስ ለጠጋኙ እንደሚደውል ነግሮን ወረደ።

በሩ ሲዘጋ ማሂን ኻኑም ያቺን ከረጢት ከአንገታቸው አወጡ። ገመዱን ፈቱ። በስስ ወረቀት ላይ ተለጥፈው የጠነከሩ፣ ተጠቅልለው የገቡ ቁራጮች። የአባታቸውን እጅ ወዲያው አወቅሁት፤ የመጨረሻው ፊደል ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሸሻል።

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አሉ። «ሥዕሉ ይሂድ። ይህን ግን ካዩት ማስረጃ ብለው ይወስዱታል። ማስረጃ አይደለም፣ ዘህራ። እኅቶቼ ናቸው።»

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ድምፄ እንደ ልጅ ሆነ።

«ፊትሽ አያውቅበትም። ልጄ ገና በሩ ላይ ቆሞ ፊትሽን ያነበው ነበር። ይኸው ፊትሽም አላስፈለገ፣ አፍሽ ጨረሰው።»

ሊፍቱ ሲወጣ ተሰማ። ከረጢቱን መልሰው በቀሚሳቸው ሥር ከተቱ፣ እጃቸው ግን ገመዱን ማሰር አልቻለም። አሰርኩላቸው።

ካምራን ስልኩን በእጁ ይዞ ገባ። የጠጋኙን ቁጥር ጠየቀኝ። እኔ ዘህራ፣ አንድ ነጥብ ያለቦታዋ ስትቀመጥ የማያስተኛኝ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ስምንት ተኩል የምደርስ፣ እንዲህ አልኩት፦

«ካምራን፣ ተምታቶብኝ ነው። ያልኩህ ጽሕፈት በኮርስ ያየሁት የሌላ ሰው ገጽ ላይ ነው። አርጅቻለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ምንም አይደለም፣ ታንት ዘህራ፣ አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን እየለያየ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት። ቆሜ ተቀበልኩት። ማሂን ኻኑም ሻይ ቅጂለት አሉኝ፣ ቀዳሁለት፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ፣ ይህም ለውሸቱ ጠቀመ።

ገጹን ይዞ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ለኡስታዱ ደወልኩ። አንቱታቸውን መልሻለሁ። ስለ ጥርጣሬዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ረዘም ያለ ይቅርታ ነበር ያዘጋጀሁት። መሐል ላይ አቋረጡኝ። ማሂን ኻኑም ለእርስዎ በተለይ እንዳልነግር አስምለውኝ ነበር አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ደስ የማይል ሳቅ ነው፣ ግን ይሁን።

ከዚያ ካምራን ደወለ። ለእናቱ አይደለም፣ ለእኔ።

ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ቀጥሎ መኪና ሲነዳ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ነገረኝ። ልጅ ሆኖ እናቱ ገጹን ስታሳየው ኅዳጉ ላይ የተደረደሩትን ስሞች በጣቱ እየነካ የኔስ የት አለ ብሎ ጠይቋት ነበር። አያትህ ከመወለድህ በፊት ሞቱ አለችው። አልቅሶ ነበር። ጽሕፈቱ አሁን እናቱ ጋ ካለ ይቆይ፣ እሱ አይጠይቅም፤ እንዳልተጣለ ብቻ እንድነግረው ለመነኝ።

ትላንት «የምን ጽሕፈት?» ያለ ሰው እንዴት በአንድ ቀን መንገድ ሁሉን አስታወሰ? ምናልባት የጨረታ ቤቱ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። ምናልባት «አዎ በይና መጥቼ ልውሰድ» ማለቱ ነው። ምናልባትም እውነቱን ነው። ድምፅ በስልክ ላይ እንደ ወረቀት አይደለም፤ ወደ ብርሃን አንሥተሽ አታዪውም።

«አልተጣለም» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አመሰግናለሁ አለና እሱም ሌላ አልጨመረም።

ወዲያው ወጥቼ ያልኩትን ለማሂን ኻኑም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ከረጢቷ ባለችበት ነበር። አልቅሶ ነበር አለሽ? አሉ። አዎ አልኩ። እኔ ረስቼው ነበር አሉ።

ከዚያ ከመጨረሻው ቁራጭ ሥር፣ ከእሳቸው ስም ቀጥሎ፣ ቦታ እንዳለ ጠየቁኝ። አየሁ። የአንድ ስም ቦታ አለ።

«የሱን ጻፊበት» አሉ።

እንዴት ብዬ? ፈቃድ የለኝም፣ ፊደሌ ገና አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ኡስታዱ ሳያዩት አልነካውም አልኩ። ቅዳሜ ይዩትና ጻፊ አሉ። ሌላውንም ተናገርኩ፤ ስሙ ከገባ የኔ ነው ይላል፣ እርስዎ ከሌሉ በኋላ ወስዶ ቢሸጠውስ?

«ይሽጥ» አሉ። «ያኔ የሚሸጠው የራሱን ስም ነው።»

ቤቴ ገብቼ ብርዕ ቀረጽኩ። ካምራን፣ ካምራን፣ ካምራን። ወረቀቱ ጠቁሮ ቦታ እስኪያጣ ድረስ። የስሙ መጀመሪያ ፊደል፣ ካፉ፣ ገና አልተቀመጠም። ልጁንም ገና አላመንኩትም።